የተሰፋ ብራና

የጃፓን ጠቢባን፣ ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው ይባላል፣ የተሰበረ የሻይ ጽዋዕ በዛፍ ሙጫ አጋጥመው ስብራቱን በወርቅ ዱቄት እንደሚያስጌጡ ሁሉ፣ የእኛም ሊቃውንት፣ ወርቁ ቢቀር፣ ከዚህ እምብዛም ያልራቀ ሥርዓት በብራና ላይ ነበራቸው። ፍየል ሲገፈፍ ቢላዋ የነካው ሥፍራ፣ ቆዳው በመወጠሪያ ላይ በተሳበ ጊዜ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ገና እርጥብ ሳለ ብራና ፋቂው በወስፌና በጅማት ይሰፋዋል፤ ሳይሰፋ የቀረውን ቀዳዳ ደግሞ ጸሐፊው ከነመልኩ ትቶ ቃሉን በዙሪያው እያዞረ ይጽፋል እንጂ፣ ነውር አለበት ብሎ ቆዳውን አይጥለውም። የመጽሐፉ የእንጨት ገበታም፣ ዋንዛ ይሁን ወይራ፣ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግራና ቀኙ ተበስቶ በክር ይጠመራል፤ ስፌቱን የሚሸሽግ የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ያስተማረው ከፍልስፍና ይልቅ የብራና ውድነት ይመስለኛል፤ አንድ መጽሐፍ ብዙ ፍየል ይፈጃልና። በዓድዋ አቅራቢያ የሚገኙት፣ በራዲዮካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት የተገመቱት የአባ ገሪማ ወንጌሎችም ሳይጠገኑ ለዘመናችን አልደረሱም። ዛሬ በአዲስ አበባ ሲኤምሲ ቅዱስ ሚካኤልን ሊሳለም የሚሄድ ምእመን የያዘው ዳዊት ግን አብዛኛውን ጊዜ የማተሚያ ቤት ወረቀት ነው፤ ሲቀደድ በፕላስተር ይለጠፋል፣ አለዚያም አዲስ ይገዛል።