ቀለህን መልሶ መሙላት ያዋጣ ነበርን? ስለ አደን ጥይት አጭር የታሪክ ጥናት

የጠመንጃን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ የሚቈጥሩት ጠመንጃውን ነው፤ ጥይቱን የሚቈጥር ጥቂት ነው፤ ከተተኰሰ በኋላ የሚቀረውን ባዶ ቀለህ የሚቈጥር ግን የለም ለማለት ምንም ያህል አይቀርም። ሆኖም ጠመንጃ ያለ ጥይት በትር እንደ ሆነ ማንም አዳኝ ያውቀዋል። ስለዚህ ቀለህን አንሥቶ መልሶ መሙላት ለአዳኙ ያዋጣው እንደ ሆነና እንዳልሆነ መጠየቅ፣ ሰው በእጁ ያለውንና ከሌላ አገር የሚጠብቀውን እንዴት አድርጎ ይመዝን እንደ ነበረ መጠየቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የአገራችንን ነገር የሚመለከቱት ዓመታት በኢትዮጵያ፣ የውጭ አገሩ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ተሰጥተዋል።

በመጀመሪያ የጥይትን አካላት መለየት ያስፈልጋል። እነዚህም አራት ናቸው፤ አረር፣ ባሩድ፣ ቀለህና በቀለሁ ቂጥ የሚሰካው ትንሽ የማቀጣጠያ ክዳን፣ ማለት ካፕሱል ነው። በአፈሙዙ በሚጐረስ ጠመንጃ ዘመን አዳኝ አረሩንና ባሩዱን ለየብቻ ይይዝ ስለ ነበር፣ መልሶ መሙላት የሚባል የተለየ ሥራ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ተኩስ ራሱ አዲስ ሙሌት ነበርና። ጥያቄው የተወለደው በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. አራቱም አካላት በናስ ቀለህ ውስጥ በአንድነት በታሸጉ ጊዜ ነው።

ጥያቄው በዋጋ ብቻ በሚታይበት አገር መልሱ ቀላል ነበር። ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑት በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ ሜዳ የጎሽ ቆዳ ለንግድ ያድኑ የነበሩት ሰዎች ናቸው። ባሩድ በቆርቆሮ፣ እርሳስ በጡብ፣ ካፕሱል በሣጥን እየገዙ ሌሊት በሰፈራቸው ቀለሆቻቸውን ይሞሉ ነበር። የባቡር ሐዲድ በ1872 እ.ኤ.አ. ዶጅ ሲቲ በመድረሱ ቆዳው በዚያው መንገድ ሲወጣ ዕቃው በዚያው መንገድ ይገባ ነበር። ለእነርሱ መልሶ መሙላት ወጪ መቀነሻ ብቻ ነበር፤ ባይሞሉም የተዘጋጀውን ጥይት ከሱቅ ማግኘት ይችሉ ነበር። የሥራቸውም ፍጻሜ የታወቀ ነው፤ ከ1880ዎቹ አጋማሽ በፊት የጎሹ መንጋ ሊያልቅ ጥቂት ቀረው።

በኢትዮጵያ ግን ነገሩ በሌላ ሚዛን የሚመዘን ነው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች ከግብፅ ሠራዊት የተማረከው ረሚንግተን፣ ቀጥሎም ሕዝቡ ውጅግራ ብሎ የሰየመው የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ወደ አገር ሲገባ፣ ጥይቱ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነበር። የባሕሩ በር ደግሞ በሌሎች እጅ ነበር። በ1890 እ.ኤ.አ. በብራስልስ የተፈረመው ውል ከሰሜን 20ኛው እስከ ደቡብ 22ኛው ዲግሪ ባለው የአፍሪካ ምድር ዘመናዊ መሣሪያ እንዳይገባ ገደበ፤ በ1906 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ የመሣሪያውን ንግድ ስለ መቈጣጠር እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ። ምንም እንኳ ንግዱ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ፈጽሞ ባይቋረጥ፣ ዛሬ የተገኘው ጥይት ነገ እንደሚገኝ እርግጠኛ የሚሆን አልነበረም።

ከዚህም የተነሣ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ገንዘብ መሽከርከር ጀመረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በብዙ ገበያ የውጅግራ ጥይት የማርያ ቴሬዛ ብር መመንዘሪያ ነበር። ይህ ልማድ የአዳኙን ሒሳብ ለወጠው። ቃታ በሳበ ቁጥር ገንዘብ ያጠፋ ነበርና፤ ቀለሁን ጐንበስ ብሎ ሲያነሣም ከጠፋው ገንዘብ የተረፈውን መሰብሰቡ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ችግር እንዳለ ልብ ማለት ያሻል። አሞሌ ቢሰበር በዓይን ይታያል፤ ጥይት ግን በደንብ የተሞላ ይሁን ያልተሞላ ሳይተኰስ ሊታወቅ አይችልም፤ ከተተኰሰ ደግሞ ገንዘብነቱ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የተሞላ ጥይት ለባለቤቱ ለተኩስ ያለው ዋጋ በገበያ ካለው ዋጋ ጋር እኩል ሊሆን የሚችል አልነበረም።

አሁን ከአራቱ አካላት የትኞቹ በአገር ውስጥ ይገኙ እንደ ነበር እንመልከት። የግራ ጥይት አረር ክብደቱ 25 ግራም፣ ባሩዱም 5.25 ግራም ነው። አንድ ኪሎ እርሳስ 40 አረር፣ አንድ ኪሎ ባሩድ 190 ያህል ሙሌት ይወጣዋል ማለት ነው። እርሳስን በመጠነኛ እሳት አቅልጦ በቅርጽ ማፍሰስ ለማንም ቀጥቃጭ የማያስቸግር ነው። ጥቁር ባሩድም በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ይሠራ ነበር፤ የሚፈልገው ከአፈር ታጥቦ የሚወጣ የባሩድ ጨው፣ ዲንና ከሰል ነው፤ ዲኑም በዳሎል አካባቢ ይገኛል። ቀለሁ ከመሬት ይነሣል። የቀረው ካፕሱሉ ብቻ ነው።

ይህ ከአንድ ግራም በታች የሚመዝን ክዳን ግን ከሁሉ የከበደ ሆኖ ተገኘ። በውስጡ ያለው ፈንጂ ቅመም በዚያ ዘመን ከባዜቃ፣ ከናይትሪክ አሲድና ከአልኮል የሚዘጋጅ ነበር፤ ክዳኑንም አንዱን ከሌላው ሳይለዩ በሺህ የሚያወጣ መኪና ያስፈልገዋል። የዐፄ ቴዎድሮስ የጋፋት ሠራተኞች ወደ 7 ቶን የሚገመተውን ሴባስቶፖልን ቀልጦ እንዲፈስስ አድርገዋል፤ መድፍን የሚያህል ነገር በሰው ጉልበትና በእሳት ብርታት ይሠራልና። ካፕሱል ግን የኬሚስትሪና የፋብሪካ ልጅ ነው። በዚያም ላይ አብዛኛው የአውሮፓ የጦር ቀለህ የተከተለው በርዳን የተባለው አሜሪካዊ የፈለሰፈውን ሥርዓት ነበር። በዚህ ሥርዓት መቺው የሚያርፍበት ጕብታ ከቀለሁ ጋር ተያይዞ የተሠራ፣ የእሳቱም ቀዳዳ በጎንና በጎን ስለ ሆነ፣ ያገለገለውን ካፕሱል በቀላል ወስፌ ከውስጥ ገፍቶ ማውጣት አይቻልም።

ስለዚህ አዳኙ ያደረገው ሒሳብ በአውሬው ዓይነት የሚለያይ መሆን ነበረበት። ድኩላ ወይም ሚዳቋ በሚታደንበት ጊዜ የተሞላ ጥይት ቢከሽፍ የሚጠፋው የዕለቱ ሥጋ ነው። ዝሆን ወይም ጎሽ በሚታደንበት ጊዜ ግን ጥይቱ ቢከሽፍ የሚጠፋው ሰው ነው። ከሕይወቱም ሌላ ክብር አለ፤ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው በግዳዩ ይፎክር፣ በሕዝብም ዘንድ ይከበር ነበርና። እንግዲህ የተሞላው ለትንሹ፣ አዲሱ ለትልቁ ይቀመጥ ቢባል ከዚህ ሒሳብ የሚወጣ ፍርድ ነው። መልሶ መሙላት ያዋጣው የነበረው በተሞላው ጥይት በመመካት ሳይሆን፣ በእርሱ አማካይነት ያልተተኰሰውን አዲስ ጥይት ለክፉ ቀን በማቈየት ነው።

ይህም ሚዛን ቢሆን ብዙ አልቈየም። ቪየይ የተባለው ፈረንሳዊ በ1884 እ.ኤ.አ. ጢስ አልባ ባሩድ ከፈለሰፈ በኋላ፣ በ1886 የወጣው ለበልና ተከታዮቹ መሣሪያዎች የእጅ ሙያውን በሦስት ነገር አሸነፉት። አንደኛ፣ ባሩዱ በቤት የሚሠራ አልሆነም፤ መጠኑም ጥቂት ቢበዛ ጠመንጃውን ሊያፈነዳ የሚችል ነው። ሁለተኛ፣ አረሩ ከፍጥነቱ የተነሣ እርሳሱ እንዳይላጥ ጠንካራ የብረት ልባስ ፈለገ። ሦስተኛ፣ በጥቁር ባሩድ ጊዜ በብዙው ጥላሸት ይዋጥ የነበረው የካፕሱሉ ባዜቃ አሁን ናሱን በቀጥታ እያገኘ ያሰባብረው ጀመር፤ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ መሥሪያ ቤት በ1890ዎቹ ባዜቃን ከካፕሱል ያስወጣውም ስለዚሁ ነበር። ስለዚህ ውጅግራ በዘመኑ ኋላ የቀረ መሣሪያ ቢባልም፣ ጥይቱን ለሚያጣ ሰው ከለበል ይልቅ የሚታመን ጓደኛ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የተዋጉት አርበኞች ዋና የጥይት ምንጫቸው ከጠላት የሚማረከው መሆኑም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው፤ የአዲሱ ዘመን ጥይት በእጅ የሚተካ አልነበረምና።

ከዚህ በመነሣት ሁለት የተለመዱ አስተያየቶችን ማረም ይገባል። አንደኛው የተሞላን ጥይት የድኅነትና የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ የሚያይ ነው፤ በሀብታሙ የአሜሪካ ሜዳም ይኸው ሥራ ይሠራ እንደ ነበር ይረሳል። ሁለተኛው ደግሞ የነጻነትና የራስን መቻል ማስረጃ አድርጎ የሚያወድስ ነው፤ የእጁ ባለሙያ ከአራቱ ሦስቱን ቢይዝም አራተኛው በሌላ እጅ እንደ ነበር ይዘነጋል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው። መልሶ መሙላት ለኢትዮጵያዊው አዳኝ ያዋጣ ነበር፤ ያዋጣው ግን ጊዜ ስለ ገዛለት እንጂ ከባሕሩ በር ስላላቀቀው አይደለም።

በዛሬው ጊዜ የጦር መሣሪያና ጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ፣ አደንም በፈቃድ ብቻ የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ ጥያቄው የታሪክ ተመራማሪው እንጂ የአዳኙ አይደለም። ማስረጃው ግን በፍጥነት እየጠፋ ነው። አሮጌ ቀለህ እየቀለጠ ለጌጥ ዶቃ መሥሪያ ሲውል ይታያል። ቀለህ የሚያገኝ ተማሪ ቢኖር ከመጣሉ በፊት ቂጡን ይመልከት፤ ካፕሱሉ ከናሱ ጋር ዕድሜው ይመሳሰል እንደ ሆነ፣ ዙሪያው የወስፌ ወይም የመዶሻ ጭረት ያለበት እንደ ሆነ፣ አፉ ተሰንጥቆ እንደ ሆነ ይመዝግብ፤ የተገኘበትንም ቦታና ያቈየውን ሰው ቃል አብሮ ይጻፍ። ስንት ጊዜ እንደ ተሞላ የሚናገረው ሰነድ ሳይሆን ቀለሁ ራሱ ነው።