የጎደለው አካፋይ

በባንክ መስኮት ጀርባ ለሚቀመጥ ሰው በየቀኑ ደጋግሞ የሚደርሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህችን መቶ ብር ዘርዝርልኝ»። «እንዴት ላድርገው?» ብሎ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው። ሁለት ባለሃምሳ ይሆናል፤ አንድ ባለሃምሳና አምስት ባለዐሥር ይሆናል፤ ዐሥር ባለዐሥርም ይሆናል። ሁሉም ልክ ነው። ደንበኛው ቆጥሮ፣ አመስግኖ ይሄዳል።

በመደመር መንገድ መቶ ብዙ ዝርዝር አለው። በማባዛት መንገድ እስከ መጨረሻው ዘርዝሩት ብንባል ግን ምርጫ የለንም። በ4 × 25 ብንጀምር፣ በ10 × 10 ብንጀምር፣ በ2 × 50 ብንጀምር፣ መድረሻችን ያው 2 × 2 × 5 × 5 ነው። ከዚያ ወዲያ የሚዘረዘር የለም፤ 2 እና 5 ከራሳቸውና ከ1 በቀር አካፋይ የላቸውምና። እንዲህ ያሉትን፣ ማለትም 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያሉ የሚቀጥሉትን፣ በትምህርት ቤት «ብቸኛ ቁጥሮች» ብለን ተምረናቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው ሰው ግጥም የሚወድ ሳይሆን አይቀርም።

ልጅ ሳለን መምህራችን ሁለት ተማሪዎችን ወደ ሰሌዳው ጠርተው 60ን እንዲዘረዝሩ አዘዟቸው። አንደኛው 6 × 10 ብሎ ጀመረ፤ ሁለተኛዋ 4 × 15 ብላ ጀመረች። ቅርንጫፎቹ ተለያዩ፤ ከታች የቀሩት ቅጠሎች ግን አንድ ሆኑ፤ 2፣ 2፣ 3 እና 5። መምህሩ ፈገግ ብለው «አያችሁ?» አሉ። እኛም «አየን» አልን። «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ውድ አንባቢ፣ ይህች ያልተጠየቀች «ለምን» የሕፃናት ብቻ ጉድለት እንዳትመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1847 በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ውስጥ የዘመኑን ስመ ጥር የሒሳብ ሊቃውንት ያሰናከለች እርሷው ነበረች። የዚህ ጽሑፍ ታሪክም የእርሷ ታሪክ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረው ዩክሊድ «ኤለመንትስ» በተባለው መጽሐፉ ሰባተኛ ክፍል አንድ መሠረታዊ ነገር አረጋግጦ ነበር። አንድ ብቸኛ ቁጥር የሁለት ቁጥሮችን ብዜት ያለ ቀሪ ካካፈለ፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱን ማካፈሉ ግድ ነው። በዘጠነኛው ክፍል ደግሞ ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው አሳየ። ሆኖም «ማንኛውም ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች የሚዘረዘርበት መንገድ አንድ ብቻ ነው» የሚለው ሕግ በግልጽ ተጽፎ ከሙሉ ማረጋገጫው ጋር የቀረበው ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ነው። ያቀረበውም ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1801 «ዲስኩዊዚቲዮኔስ አሪትሜቲካ» የተባለውን መጽሐፉን ሲያሳትም ዕድሜው 24 ዓመት ነበር። በመካከሉ በነበረው ረጅም ዘመን ብዙዎች ሕጉን እንደ እስትንፋስ ተጠቀሙበት፤ እስትንፋሱን ልብ የሚል ደግሞ ጥቂት ነው።

ይህ ሕግ በአልጀብራ ውስጥ ምን ይሠራል? አንዲት ምሳሌ ትበቃለች። 4 እና 9 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ብዜታቸው 36 ነው፤ 36 ደግሞ የ6 ካሬ ነው። አሁን እያንዳንዳቸውን እንያቸው፤ 4 የ2 ካሬ፣ 9 የ3 ካሬ ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። የጋራ አካፋይ የሌላቸው ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ካሬ ከሰጡ፣ እያንዳንዳቸውም ካሬ መሆናቸው አይቀርም። ምክንያቱም በካሬው ዝርዝር ውስጥ ብቸኛ ቁጥሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገኛሉ፤ ጥንዶቹም በሁለቱ ቤቶች መካከል አይበተኑም። ታዲያ ይህ ክርክር የሚቆመው ዝርዝሩ አንድ ብቻ ከሆነ ነው። ዝርዝሩ ሁለት ከሆነ መሠረቱ ይናዳል።

በዚህ መሠረት ላይ ሊገነባ የታሰበው ትልቁ ሕንጻ የፌርማ ጥያቄ ነበር። በቱሉዝ ከተማ የፍርድ ሸንጎ አባል የነበረው ፒየር ደ ፌርማ በ1630ዎቹ ገደማ በዲዮፋንቶስ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ አንድ ማስታወሻ ጻፈ። የሁለት ካሬዎች ድምር ካሬ ሊሆን ይችላል፤ 9 እና 16 ተደምረው 25 እንደሚሆኑ። ከካሬ በላይ በሆነ በማንኛውም ደረጃ ግን ይህ ከቶ አይሆንም አለ። ማረጋገጫውን አግኝቼዋለሁ፣ ኅዳጉ ግን ጠበበኝ ሲልም አከለ። ማስታወሻው እ.ኤ.አ. በ1670 በልጁ አማካይነት ታተመ፤ ማረጋገጫው ግን ከወረቀቶቹ ውስጥ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ አንድ አንድ ደረጃ እየነጠሉ ታገሉት። ኦይለር ለ3፣ ዲሪክሌና ለዠንድር ለ5፣ ገብርኤል ላሜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1839 ለ7 መልስ ሰጡ።

መጋቢት 1 ቀን 1847 እ.ኤ.አ. ይኸው ላሜ በአካዳሚው ጉባኤ ፊት ቆሞ የፌርማን ጥያቄ ለሁሉም ደረጃ እንደፈታው አበሠረ። ሐሳቡ ውብ ነበር። የሁለቱን ኃይሎች ድምር በተለመዱት ቁጥሮች ብቻ ከመዘርዘር ይልቅ፣ ደጋግመው በራሳቸው ሲባዙ 1 የሚሰጡ ምናባዊ ቁጥሮችን በመጨመር እስከ መጨረሻው መዘርዘር ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ያው የ4 እና የ9 ክርክር ነው፤ አካፋዮቹ የጋራ ነገር ከሌላቸው እያንዳንዳቸው ሙሉ ኃይል መሆን አለባቸው። ላሜ በዚያ ደስታ መካከል እንኳ የሰው ድርሻ አልዘነጋም፤ የሐሳቡ ምንጭ ከዦሴፍ ሊዩቪል ጋር ያደረገው ጭውውት መሆኑን ተናገረ።

ሊዩቪል ግን ምስጋናውን አልተቀበለም። ተነሥቶ ሐሳቡ አዲስ አለመሆኑን ከገለጸ በኋላ ያችን የልጆች ጥያቄ አነሣ። በእነዚህ አዳዲስ ቁጥሮች ዓለም ውስጥ ዝርዝሩ አንድ ብቻ መሆኑን ማን አረጋገጠ? በተለመዱት ቁጥሮች መካከል ጋውስ አረጋግጦልናል፤ በእነዚህ መካከልስ?

የጉባኤው አባላት ግን በዚህ አልተገቱም። ታላቁ ኦጉስታን ሉዊ ኮሺ ተነሥቶ መንገዱ ተስፋ ያለው መሆኑን፣ እርሱም ተመሳሳይ ሐሳብ ከወራት በፊት ማቅረቡን አስታወቀ። በዚያው ወር ሁለቱም ሰዎች ምናልባት የቀዳሚነት ክርክር ቢነሣ ብለው የታሸገ ፖስታ በአካዳሚው ዘንድ አስቀመጡ። ሩጫው ማን ቀደመ በሚለው ላይ ሆነ፤ መንገዱ ድልድይ አለው ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ጎን ተገፋ።

ግንቦት 24 ቀን ሊዩቪል አንድ ደብዳቤ ለጉባኤው አነበበ። የተጻፈው ከብሬስላው፣ ዛሬ የፖላንድ ከተማ ከሆነችው ከቭሮትስዋቭ ነበር። ጸሐፊው ኤርንስት ኩመር ይባላል፤ ለዐሥር ዓመታት ያህል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የነበረ፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ነው። ደብዳቤው ሊዩቪል የጠረጠረው እውነት መሆኑን አረዳ። በእነዚያ ቁጥሮች ዓለም ዝርዝሩ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ኩመርም ይህን ካሳተመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ጽሑፉ የወጣው ግን ጥቂት ሰው በሚያየው ኅትመት ላይ ስለነበር ፓሪስ አልሰማችም። ሕጉ ለ3፣ ለ5፣ ለ7፣ ለ11፣ ለ13፣ ለ17 እና ለ19 ይጸናል፤ 23 ላይ ሲደርስ ይፈርሳል። ሰባት ጊዜ ሞክሮ ሰባቱንም ጊዜ የሠራለት ሰው ስምንተኛውን ቢያምን ማን ይፈርድበታል?

የ23ቱ ሒሳብ ረቂቅ ነው፤ ጉዳዩን ግን በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። ለ4 ሲካፈሉ 1 የሚተርፋቸው ቁጥሮች ብቻ የሚኖሩባት አንዲት አገር እናስብ። ነዋሪዎቿ 1፣ 5፣ 9፣ 13፣ 17፣ 21፣ 25 እያሉ ይቀጥላሉ። ሁለቱ ሲባዙ ብዜታቸውም የአገሩ ሰው ነው፤ 5 × 9 = 45፣ 45ም ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። በዚህች አገር 9 አይዘረዘርም፤ 3 የአገሩ ነዋሪ አይደለምና። 21ም፣ 49ም እንዲሁ አይዘረዘሩም። አሁን 441ን እንመልከት። 441 ከ21 × 21 ይገኛል፤ ከ9 × 49ም ይገኛል። ሁለቱም ዝርዝሮች የመጨረሻ ናቸው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ነገር ግን አይመሳሰሉም።

ቅኔ የሚወድ አንባቢ በዚህ ብዙም አይደነቅም። «ቀንበር» የሚለውን ባንድነት ያነበበ የእርሻ በሬ ጫንቃ ይታየዋል፤ «ቀን» እና «በር» ብሎ የከፈለው ደግሞ ማለዳ የሚገባበትን ደጃፍ ያያል። ፊደሉ ያው ነው፤ አከፋፈሉ ግን ሁለት። በቅኔ ዘንድ ይህ ጸጋ ነው። ዝርዝሩ አንድ ነው ብሎ ማረጋገጫ ለሚሠራ የሒሳብ ሰው ግን ጥፋት ነው።

የኩመር ታላቅነት ጥፋቱን በማሳየቱ ብቻ አይደለም። መፍረሱን ባወቀ ጊዜ «አካፋዮች ጎድለዋል» አለ እንጂ «ሕጉ ከንቱ ነው» አላለም። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። 9 የሆነው 3 × 3፣ 49 የሆነው 7 × 7፣ 21 የሆነው 3 × 7 ነው። ከድንበር ውጭ የቀሩትን 3 እና 7 ወደ አገሩ ብናስገባቸው ሁለቱ ዝርዝሮች ወዲያው ይታረቃሉ፤ ሁለቱም 3 × 3 × 7 × 7 ይሆናሉ። ኩመር በራሱ ዓለም ያደረገው ይህንኑ የመሰለ ነው። በዓይን የማይታዩ፣ በሥራቸው ግን የሚታወቁ አካፋዮችን አቆመ፤ «አይዲያል ቁጥሮች» ብሎም ሰየማቸው። ነገሩን ለማስረዳት የመረጠው ምሳሌ ከኬሚስትሪ ነበር። በዚያን ጊዜ ፍሎሪንን ለብቻው ነጥሎ ያየ ሰው አልነበረም፤ መኖሩ የሚታወቀው ከውሕዶቹ ነበር። ፍሎሪን ተነጥሎ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1886 ሲሆን ኩመር ያን ጊዜ በሕይወት ነበረ።

በዚህ አዲስ መሣሪያ ኩመር የፌርማን ጥያቄ እጅግ ለበዙ ደረጃዎች ፈታ። ከ100 በታች ካሉት ብቸኛ ቁጥሮች መካከል ከ2 በላይ ያሉትን ብንወስድ፣ ከዘዴው ያመለጡት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ 37፣ 59 እና 67። ያው የፓሪስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1857 ለውድድሩ ላልቀረበው ለኩመር ሽልማቱን ሰጠው። ሪቻርድ ዴዴኪንድ እ.ኤ.አ. በ1871 የማይታዩትን አካፋዮች «አይዲያል» በተባሉ የቁጥር ስብስቦች ተክቶ አስተካከላቸው፤ የዘመናዊው አልጀብራ አንዱ ምሰሶም ከዚያ በቀለ። ላሜም ቢሆን በስሕተቱ ስሙ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1889 በተጠናቀቀው የአይፍል ማማ ላይ ከተቀረጹት 72 ስሞች መካከል የእርሱም የኮሺም ስም ይገኛል። የፌርማ ጥያቄ ራሱ የተዘጋው ደግሞ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። አንድሩ ዋይልስ እ.ኤ.አ. በ1993 መፍትሔውን አስታወቀ፤ ክፍተት ተገኘበት፤ ከሪቻርድ ቴይለር ጋር ሆኖ በ1994 ክፍተቱን ደፈነ፤ ሥራውም በ1995 ታተመ።

ይህን ታሪክ ያነበብሁት ከአንዲት ቀን በኋላ በመሆኑ ይሆናል ከልቤ ያልወጣው። አንድ ማታ ሒሳቤ አንዲት ሳንቲም ሳታጎድል ገጠመች። በማግስቱ ጠዋት አንዲት እናት መጥተው «ልጄ፣ ትናንት ከሰጠኸኝ ላይ መቶ ብር ጎድሏል» አሉኝ። «እማማ፣ ሒሳቤ እኮ ገጥሟል» አልኋቸው፤ በሙሉ ልብ ነበር የተናገርሁት። ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም ብለው ወጡ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው «ትናንት መቶ ብር አብልጠህ ሰጥተኸኛል» ብሎ ገንዘቡን ይዞ መጣ። ለካስ ለአንዱ አብልጬ ለሌላዋ አሳንሼ፣ ሁለት ስሕተቶች ተቻችለው ድምሩን ልክ አስመስለውት ኖሯል። እማማ የጠየቁኝ ስለ ድምሩ አልነበረም፤ ስለ ዝርዝሩ ነበር። እኔ ግን የመለስሁት በድምሩ ነው።

ብሩን ለእማማ እስካደርስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በእነዚያ ቀናት መስኮቱ ፊት ነጠላ የለበሰች እናት በቆመች ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው መጥቶ «ይጎድላል» ሲለኝ «ገጥሟል» ከማለቴ በፊት መዝገቡን እገልጣለሁ።