ተቀብሮ ያላበቃ ጉዳይ፦ የአሴ የጨው ጉድጓድ ታሪክ

የሰው ልጅ በአቶም ኃይል ኤሌክትሪክ ማመንጨት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ፣ ከዚህ ምድጃ የሚወጣው አመድ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ አልተለየውም። ይህ አመድ እንደ ማገዶ አመድ ሜዳ ላይ የሚደፋ አይደለም፤ በውስጡ ከሚገኙት ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ፕሉቶኒየም መጠኑ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ 24,000 ዓመት ያህል ይፈጃል። ለጥያቄው በችኮላ የተሰጠ መልስ ምን ዓይነት ዕዳ እንደሚያስከትል በጀርመን አገር የሚገኘው የአሴ ጉድጓድ ታሪክ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1957 (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ፣ ለዚህ ዝቃጭ መቀበሪያነት ከሁሉ ይበልጥ ተስፋ የሚጣልበት የጨው አለት መሆኑን ገለጸ። ጨው በውኃ የሚሟሟ ሆኖ ሳለ ለሚሊዮን ዓመታት ከምድር ሥር ሳይጠፋ መቆየቱ ውኃ እንዳልደረሰበት ይመሰክራል። ከዚህም ሌላ ክብደት ሲጫነው ቀስ በቀስ እየሳበ ስንጥቁን ራሱ ይደፍናል።

በታችኛው ሳክሶኒ ክፍለ ሀገር በአሴ ኮረብታ ሥር ከ1909 እስከ 1964 ፖታሽና ጨው ሲወጣበት የኖረ ጉድጓድ ነበር። የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ይህን ጉድጓድ በ1965 ገዛው። ስሙ የምርምር ጣቢያ ቢሆንም፣ ከ1967 እስከ 1978 ድረስ ከኑክሌር ኃይል ማመንጫዎችና ከካርልስሩኸ የኑክሌር ምርምር ማዕከል የመጡ 126,000 ያህል በርሜሎች ገቡበት። በመጀመሪያ በሥርዓት ይደረደሩ የነበሩት በርሜሎች፣ ኋላ ግን ቁልቁል እየተገለበጡ ጨው ይደፋባቸው ጀመር።

ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሊቃውንቱ ሐሳብ የቆመው ባልተነካ ጨው ላይ ሲሆን፣ አሴ ግን ለግማሽ ምዕት ዓመት ሲቦረቦር የኖረ ነበር። በደቡብ በኩል አንዳንዱ ክፍል ከጨው ውጭ ወዳለው አለት እጅግ ተጠግቶ ተቆፍሯል። ማስጠንቀቂያም አልታጣም፤ በዚያው ኮረብታ ቀድሞ የተቆፈረው የመጀመሪያው የአሴ ጉድጓድ በ1906 በውኃ ተጥለቅልቆ ጠፍቶ ነበር።

የተፈራውም አልቀረም። ከ1988 ጀምሮ በተራራው ጫና በተሰነጠቀው አለት በኩል ጨዋማ ውኃ ይገባ ጀመር፤ መጠኑም ለብዙ ዓመታት በቀን 12 ሜትር ኩብ ያህል ሆነ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ፣ አመጣጡ በዝግታ ስለ ነበረ ሕዝቡ አደጋውን በውል የተረዳው ዘግይቶ ነው። በ2008 በጉድጓዱ ውስጥ በጨረር የተበከለ ውኃ መኖሩ በይፋ ሲታወቅ ታላቅ ቁጣ ተነሣ። በ2009 መባቻ ኃላፊነቱ ለፌዴራል የጨረር መከላከያ መሥሪያ ቤት ተላለፈ። መሥሪያ ቤቱም አማራጮቹን መርምሮ፣ በ2010 ከሁሉ የተሻለው በርሜሎቹን መልሶ ማውጣት መሆኑን አስታወቀ። በ2013 ይህ በሕግ ተደነገገ፤ ወጪውም በፌዴራሉ መንግሥት፣ ማለትም በግብር ከፋዩ ሕዝብ ላይ ወደቀ።

ይሁን እንጂ ሥራው ቀላል አይደለም። በርሜሎቹ ከ500 እስከ 750 ሜትር ጥልቀት ላይ በ13 ክፍሎች ውስጥ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ተጨፍልቀውና ዝገው እንደሚሆን ይገመታል። እነርሱን ለማውጣት አዲስ ጉድጓድ መቆፈር፣ ከርቀት የሚታዘዝ መሣሪያ መሥራት፣ በላይም አዲስ ማከማቻ ማነጽ ያስፈልጋል። እስከ ዛሬ አንድም በርሜል አልወጣም።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ በአሥራ አንድ ዓመት የፈሰሰው ለመለቀሙ የሚፈጀው ዘመን ከዚያ እጅግ የረዘመ ነው። የአሴ ታሪክ የጨውን ጥቅም አያስተባብልም፤ የሚነቅፈው ዋጋው ርካሽ፣ በሩም ክፍት ሆኖ የተገኘን ጉድጓድ እንደ ተመረመረ ስፍራ መቍጠርን ነው። ዝቃጩን ያወረዱት ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሥራ ላይ የሉም። የሚያወጡት ግን ያኔ ገና ያልተወለዱ ናቸው።