ከቆዳ ሥር የሚወጣ የስብ እብጠትና የነርቭ ጉዳት

ሊፖማ ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ ቀስ በቀስ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው። ሲዳሰስ ለስላሳ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሕመምም ጉዳትም የለውም። ይሁን እንጂ በክርን ወይም በእጅ አንጓ አካባቢ ከነርቭ አጠገብ ከወጣ ነርቩን በመጫን ጣትን ሊያደነዝዝና የእጅን ኃይል ሊያዳክም ይችላል። ጫናው ከቆየ ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል።

ስለሆነም መደንዘዝ ወይም መዛል የሚሰማው፣ እንዲሁም እብጠቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ወይም በፍጥነት የሚያድግ ሰው በአቅራቢያው በሚገኝ ጤና ጣቢያ ሊመረመር ይገባል። መደንዘዝ የሥጋ ደዌ ምልክትም ሊሆን ስለሚችል መንስኤው በባለሙያ መለየት አለበት። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የረጅም ጊዜ ልምድ አለው። እብጠትን በቤት ውስጥ መብጣት ወይም መተኮስ ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይመከርም።