ሐኪሙና የዓባይ ግድብ

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀና መንገደኛ የምዕራብ ጎጃምን የእርሻ ምድር አቋርጦ ወደ ሰከላ ደጋ ይወጣል። ከግሽ ዓባይ የሚፈልቀው ምንጭ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይወርዳል፤ ዓባይም ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እንደ ቀለበት ይዞራል። ይህን ውሃ በጣና መውጫ በግድብ ስለ መያዝ ከአሜሪካ መሐንዲሶች ጋር እንዲነጋገሩ በ1920 ዓ.ም. ወደ ኒውዮርክ የተላኩት ሰው ግን መሐንዲስ አልነበሩም። በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ለብዙ ዘመን ያገለገሉ ሐኪም ነበሩ፤ ስማቸውም ወርቅነህ እሸቴ ይባላል።

ወርቅነህ ጎንደር የተወለደ ሕፃን ሳለ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላው ጦርነት ከወላጆቹ ተለየ። የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች አግኝተው ወደ ሕንድ ወሰዱት። ቻምበርሌን የተባለው አሳዳጊው ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን አስተማረው፤ ከዚያም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ። በላሆር የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ በስኮትላንድ አሟላ፤ በበርማም በእንግሊዝ አስተዳደር ሐኪም ሆኖ ሠራ።

የአድዋ ድል ወሬ ሲደርሳቸው የትውልድ አገራቸውን ለማየት ቆረጡ። አዲስ አበባ ሲገቡ አማርኛ አያውቁም ነበር፤ በድንኳናቸው ግን በሽተኛን ያለ ክፍያ ያክሙ ነበር። አያታቸው መጥተው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። በ1893 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ላይ ወደ ኦጋዴን ሲዘምትም ከእንግሊዝ መኮንኖች ጋር በሐኪምነት ዘመቱ። ወታደር በደረቱ የሚያንጠለጥለው ኒሻን የዘመተበትን ቦታና ዓመት ይናገራል። ለወርቅነህ ሕዝብ የሰጣቸው ኒሻን ግን «ሐኪም» የሚለው ቃል ነበር፤ እስከ ዛሬም ከስማቸው አልተለየም።

በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጠቅልለው ከገቡ በኋላ ብዙ ኃላፊነት ተሰጣቸው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መርተዋል። ከሁሉ የከበደው ግን የጣና ጉዳይ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. በፈረሙት ውል፣ ከእንግሊዝ ጋር ሳይስማሙ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንደማያሠሩ ቃል ገብተው ነበር። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ፣ አንዷ ግድቡን ሌላዋ የባቡር ሐዲዱን ለማግኘት ተስማሙ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ ሦስተኛ ወገን ፈለጉ፤ ይኸውም የጄ. ጂ. ዋይት የምህንድስና ኩባንያ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ከኩባንያው ጋር መነጋገራቸው ሲሰማ ለንደን ደነገጠች። እንግሊዞች ያሳደጉት ልጅ የኢትዮጵያን ጥቅም ይዞ በሌላ በር ገብቶ ነበርና።

የኩባንያው መሐንዲሶች መጥተው ቦታውን አጠኑ፤ ሆኖም ግድቡ ሳይሠራ የፋሺስት ወረራ ደረሰ። ሐኪም ወርቅነህ በዚያን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ይሟገቱ ነበር። በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው የተመለሱት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ግን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። መንገድና ድልድይ ለሚያስፈልጋት አገር የተማሩት እጆች ሥራቸውን ሳይጀምሩ ቀሩ።

አባትየው ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በመስከረም 1945 ዓ.ም. አረፉ። በጣና መውጫ የውሃውን ፍሰት የሚቆጣጠረው የጨራጨራ ግድብ የተሠራው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ሐኪሙ ወደ ኒውዮርክ ከሄዱ ከስድሳ ስምንት ዓመት በኋላ። ከሰከላ የሚወርደው ውሃ ዛሬ በዚያ በር ሲያልፍ፣ ሥራው በመሐንዲስ ቢፈጸምም ደጁን አስቀድመው ካንኳኩት አንዱ ሐኪም እንደ ነበሩ ሊታወስ ይገባል።