ዕፀ ፋርስ

«ዕፅ» በግእዝ ዛፍ፣ እንጨት ማለት ነው፤ ሲበዛ «ዕፀዋት» ይሆናል። ዕፀ በለስም ዕፀ ሕይወትም የተጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ዛሬ ግን «ዕፅ» ሲባል ብዙዎቻችን የምንሰማው «አደንዛዥ»ን ብቻ ነው።

«ዕፀ ፋርስ» ደግሞ ለሁለት ተክሎች ይነገራል። በዜና ካናቢስ ማለት ነው። በኮልፌ ቀራንዮ መንገድ ዳርና ክፍት ቦታ የሚበቅለው፣ የጡሩምባ ቅርጽ ያለው ነጭ አበባና እሾሃም ፍሬ የሚያወጣው ተክልም በዚሁ ስም ይጠራል። ሌላው ስሙ «አስተናግር» ነው፤ የበላውን ሰው ያስቃዣል፣ ያስለፈልፋል፤ ሊገድልም ይችላል። ሆኖም በውስጡ ያለው አትሮፒን በሐኪም እጅ ሕይወት አድን መድኃኒት ነው።

የካናቢስም ክርክር እዚህ ላይ ነው፤ ለሕክምና ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን ከዓለም አቀፉ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ጥብቅ ሠንጠረዥ 4 አውጥቶታል፤ ሞርፊን ባለበት በሠንጠረዥ 1 ግን እንዳለ ቀርቷል። ከካናቢስ የሚወጣው ካናቢዲዮል ለከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በእኛ አገር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ያስቀጣል።

«ለሕክምና» ማለት በሐኪም የታዘዘ፣ መጠኑ የታወቀ ማለት ነው፤ ሰፈር ውስጥ የሚጨስ ማለት አይደለም። እንግዲህ አንዱን ካናቢስ፣ ሌላውን አስተናግር ብለን እንለይ። በተደበላለቀ ስም የሚደረግ ክርክር ለታማሚው አይበጅም።