ከበርሊን ወረቀት እስከ ፕላስቲክ ሸራ

መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጠች ሴት ጽጌረዳ ልትጠልፍ ብታስብ፣ ከእጇ አስቀድሞ ዓይኗ ይፈራል። የአበባው ቅጠል ከየት ይጀምራል? ጥላውስ በየት በኩል ያርፋል? በቀድሞው ዘመን ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጥ የነበረው ብዙ ጊዜ ሠዓሊ ነበረ፤ እርሱ በጨርቁ ላይ ነድፎ ካልሰጣት በቀር ሥራው አይጀመርላትም ነበር። ዛሬ ግን ጀማሪዋ ቀዳዳው በእኩል ርቀት የተደረደረ ደረቅ የፕላስቲክ ሸራ ገዝታ፣ ባለ ካሬውን ንድፍ በፊቷ ዘርግታ፣ እየቆጠረች ትጠልፋለች። ይህ አሠራር የፕላስቲክ ዘመን ፈጠራ ይምሰል እንጂ ሥሩ የሚገኘው በበርሊን ከተማ ነው።

በካሬ የታተመ የጥልፍ ንድፍ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በጀርመንና በኢጣሊያ ይታወቅ ነበር፤ ነገር ግን ቀለም አልነበረውም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1804 ዓ.ም. ገደማ ፊሊፕሶን የተባለ የበርሊን ሰው ቀለም የተቀባ ንድፍ በካሬ ወረቀት ለገበያ አወጣ። የወረቀቱ አንድ ካሬ የሸራው አንድ ስፌት ማለት ነው፤ የካሬው ቀለምም የክሩ ቀለም ነው። እንግሊዛዊቷ ሚስ ላምበርት በ1842 ዓ.ም. ስለ መርፌ ሥራ ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚነግሩን ግን፣ የፊሊፕሶን ንድፎች ውበት የጎደላቸው ስለ ነበሩ ያሰበውን ያህል ገዢ አላገኙለትም። በ1810 ዓ.ም. ማዳም ቪቲሕ የተባሉ በመርፌ ሥራ የሠለጠኑ ሴት የነገሩን ጥቅም ተረድተው፣ የሥዕል ኅትመት ነጋዴ የነበሩትን ባለቤታቸውን ወተወቱና እንዲህ ያሉ ንድፎችን እንዲያሳትሙ አደረጉ። ሥራው ሥር የሰደደው ከዚያ ወዲህ ነው። የሚያሳዝነው፣ መጽሐፉ እኒህን ሴት የሚያነሣቸው በባላቸው ስም እንጂ በራሳቸው ስም አይደለም።

ካሬዎቹ በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው ይታተሙ ነበር፤ ቀለሙ ግን ካሬ በካሬ በእጅ ይቀባ ነበር። በአንድ ጽጌረዳ ላይ ከፈዛዛ ሮዝ እስከ ጥቁር ቀይ ድረስ ብዙ ደረጃ ያለው ቀለም ስለሚገባ፣ ድካሙን መገመት አያዳግትም። ሚስ ላምበርት እስከ እርሳቸው ዘመን የወጡትን ንድፎች 14,000 ያደርሷቸዋል። በ1831 ዓ.ም. ዊልክስ የተባለ የለንደን ነጋዴ ንድፉንም ሱፉንም በብዛት ወደ እንግሊዝ አስገባ። ለጀማሪዎች እንዲመችም ጀርመኖች በየዐሥሩ ክር አንድ ቢጫ ክር ያለበት የጥጥ ሸራ ሠሩ፤ ቆጠራው ቀለለ፤ ቢጫው ክር ግን ከሥራው ሥር ብቅ እያለ መልኩን ያበላሽ ነበር። በ1856 ዓ.ም. ደግሞ ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በኬሚካል የተሠራ ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ ከዚያ በኋላ አበቦቹ ዓይን እስኪወጉ ድረስ ደመቁ።

ነቀፌታው አልዘገየም። በ1872 ዓ.ም. በለንደን የተቋቋመው የጥልፍ ጥበብ ትምህርት ቤት ዓላማው የቀድሞውን ነፃ ጥልፍ ከሞት ማስነሣት ነበረና፣ የበርሊኑን ሥራ እንደ ተራ ግልበጣ አየው። በእኔ አስተያየት ነቀፌታው ግማሽ እውነት ነው። ንድፉን የፈጠረው ሌላ ነው፤ ነገር ግን የካሬው ወረቀት ሥዕል መሣል ለማትችል፣ ሠዓሊ ለመቅጠርም አቅም ለሌላት ሴት የአበባውን በር ከፈተላት። መቁጠርም ራሱ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ የእኛ አገር ሸማኔ ጥበቡን የሚያወጣው ክሩን እየቆጠረ አይደለምን?

በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት ሸራውን በተበሳሳ ጠንካራ ወረቀት የሚተኩም ነበሩ፤ የመጽሐፍ ምልክትና በግድግዳ የሚሰቀል ጥቅስ ይጠለፍበት ነበር። ወረቀቱ ግን ይቀደዳል። በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የመጣው ፕላስቲክ ይህን ጉድለት አስወገደ፤ ሲቆረጥ አይተረተርም፣ መወጠሪያም አይሻም። የተለመደው ዓይነት በአንድ ኢንች ሰባት ቀዳዳ ሲኖረው፣ አንዱ ገጽ 70 በ90 ያህል ቀዳዳ ይይዛል። መርፌው ጫፉ ደነዝ ነው። ክሩ አይቋጠርም፤ ጅራቱ በጀርባ በኩል ከመጀመሪያዎቹ ስፌቶች ሥር ይያዛል።

ጀማሪዎችን የሚያሳስተው ሌላ ነገር ነው። የንድፉ አንድ ካሬ የሚወክለው ቀዳዳውን ሳይሆን ሁለቱ የፕላስቲክ ዘንጎች የሚሻገሩበትን መገናኛ ነው፤ ስፌቱም በዚያ ላይ አግድም ሰያፍ ይተኛል። ቀዳዳ የቆጠረች ሴት በአንድ ስፌት ትሳሳታለች፤ ስሕተቱ የሚታያት ግን ግንዱን ጨርሳ አበባው ጋ ስትደርስና ሁለቱ አልገጥም ሲሏት ነው። ያን ጊዜ መቀሱን ትታ፣ ክሩን በመርፌው ጫፍ ቀስ ብላ እየመዘዘች እስከ ተሳሳተችበት መገናኛ ድረስ ትፈታለች።